ዊካ፣ ዊች፣ ፔገን፦ ማን ምንድን ነው?

የአሜሪካ መንግሥት ለሞቱ ወታደሮቹ የመቃብር ድንጋይ ያቆማል። ድንጋዩ ላይ የሟቹ የእምነት ምልክት ይቀረጻል፤ ለክርስቲያን መስቀል፣ ለሙስሊም ጨረቃና ኮከብ፣ ለአይሁዳዊ የዳዊት ኮከብ። በ2005 አፍጋኒስታን ውስጥ የተገደለ አንድ የኔቫዳ ወታደር ግን ምልክት አጣ። እምነቱ ዊካ ነበር። የዊካ ምልክት በክብ ውስጥ ያለ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ነው። መንግሥት ከፈቀዳቸው ምልክቶች መካከል ይህ አልነበረም። ሌሎች ቤተሰቦችም ለዓመታት ጠይቀው መልስ አላገኙም። የወታደሩ ሚስት ነገሩን ለመተው እምቢ አለች። ክስ ተመሠረተ። በኤፕሪል 2007 መንግሥት ከከሳሾቹ ጋር ተስማማ፤ ኮከቡም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ።

ይህን ዜና በአማርኛ ለመንገር የሞከረ ሰው ወዲያው ይቸገራል። ወታደሩን ምን እንበለው? ጠንቋይ? ሰይጣን አምላኪ? ሁለቱም ሰውየውን አይገልጹትም። በማኅበራዊ ሚዲያ ስለ "ዊች" የሚለቀቀው ቪዲዮ በዝቷል። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወላጆች ይህን ስም ከልጆቻቸው ስልክ ላይ እያዩ ይደነግጣሉ። እምነቱ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ማለት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ያን አንባቢ በራሱ እምነት ይመዝነዋል። እኔ የምሻው ስሞቹ እንዳይደባለቁ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ላይ የተሳሳተ ስም ሰው ሲያስገድል ኖሯል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስቱ ስሞች አንድ አይደሉም?

አይደሉም። ሰፊው ስም ፔገን ነው። ይህ የብዙ እምነቶች የጋራ መጠሪያ ነው። በጥንት የአውሮፓና የአካባቢዋ አማልክት ላይ ተመሥርተው፣ በዘመናችን እንደገና የተቋቋሙ እምነቶች ሁሉ እዚህ ስም ሥር ይገባሉ። በብሪታንያ ድሩይድ የሚባሉት አሉ። በአይስላንድ የጥንት የኖርዲክ አማልክትን የሚያመልኩ አሉ፤ አሳትሩ የሚባለው ይህ እምነት እዚያ አገር ከ1973 ጀምሮ በመንግሥት የታወቀ ሃይማኖት ነው። የግሪክን የጥንት አማልክት የሚያከብሩም አሉ። ዊካ ከእነዚህ ሁሉ አንዱ ነው። ስለዚህ ዊካ የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፔገን ነኝ ይላል፤ ፔገን የሆነ ሁሉ ግን ዊካ አይደለም።

ዊካ ሃይማኖት ነው። የራሱ አማልክት፣ በዓላት፣ ሥርዓትና ካህናት አለው።

ዊችክራፍት ደግሞ ተግባር ነው። በቃል፣ በሻማ፣ በዕፅዋት፣ በምልክትና በሥርዓት አንድ ነገር እንዲሆን ወይም እንዳይሆን መሥራት ማለት ነው። ይህን የሚሠራ ሰው ዊች ይባላል። ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል። አማልክት ሊኖሩት ይችላሉ፤ ላይኖሩትም ይችላሉ። ምንም ዓይነት አምላክ የለም የሚሉ ዊቾች አሉ። ክርስቲያን ነኝ እያሉ ዊች ነኝ የሚሉም አሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ይህን አይቀበሉትም፣ ግን ሰዎቹ አሉ። በተቃራኒው ደግሞ የዊካን በዓላት እያከበረ፣ እየጸለየ፣ አስማት የሚባለውን ነገር ጨርሶ የማይነካ የዊካ ተከታይ ታገኛላችሁ።

እንግዲህ "ዊች ሁሉ ዊካ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር በእነዚህ ሰዎች መካከል ጠብ የሚጭር ነው። ብዙ ዊቾች ዊካ ሲባሉ ይከፋሉ። አንዳንድ የዊካ ሰዎችም ዊች መባልን አይወዱም፤ ስሙ የሚያመጣባቸውን ፍርሃት ያውቁታልና።

እኛ አገር ጠንቋይ ከሚባለው በምን ይለያሉ?

ይህን ለመመለስ ሦስት ዓይነት ሰዎችን መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ስም የሚለጠፍበት ሰው ነው። ራሱ ነኝ አላለም፤ ሌላው ነው አለው። እኛ ዘንድ ቡዳ የሚባለውን አስቡ። ቡዳ ነኝ ብሎ የሚነሣ የለም። ጎረቤት ነው የሚለው። ልጅ ሲታመም "ቡዳ በላው" ይባላል፤ ከዚያ ጣት ወደ አንድ ሰው ይቀሰራል። ብዙ ጊዜ ጣቱ የሚቀሰረው ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ከሌላው የተለየ እምነት ያለው ሰው ላይ ነበር። ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ለብዙ ዘመናት በሰሜን ኢትዮጵያ ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብሏል። በእጃቸው የተሠራውን ማረሻና ማሰሮ ሕዝቡ ይጠቀማል፤ እነሱን ግን ይፈራል። በአውሮፓም ዊች ናቸው የተባሉ ሰዎች እየታደኑ በተገደሉባቸው ዘመናት፣ የተቃጠሉትና የተሰቀሉት እጅግ ብዙዎቹ እንደዚህ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ዛሬም በታንዛኒያ፣ በሕንድና በፓፑዋ ኒው ጊኒ በዚህ ክስ ሰው ይገደላል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት በጁላይ 2021 በጥንቆላ ክስ ምክንያት በሚፈጸም ጥቃት ላይ ውሳኔ ያሳለፈው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ባለሙያ ነው። ሰው ጉዳይ ይዞ የሚሄድበት። ከብት ጠፍቶበት፣ ትዳር ከብዶት፣ መተት ተደርጎብኛል ብሎ፣ ዕጣ ፈንታውን ሊያስነግር። ባለሙያው ይጠነቁላል፣ ክታብ ይጽፋል፣ ቅጠል ይበጥሳል፤ ገንዘብ ወይም ስጦታ ይቀበላል። አማርኛ ተናጋሪ ጠንቋይ ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ይህን ሰው ነው። እንግሊዝ አገርም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ በየመንደሩ እንዲህ ያሉ አዋቂዎች ነበሩ። ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሥራቸውም ከዊች መጠበቅ ነው ይሉ ነበር።

ሦስተኛው ግን ስሙን ራሱ ፈልጎ የወሰደ ሰው ነው። ደንበኛ የለውም። ቤቱ ሰልፍ የለም። ቀን የቢሮ ሠራተኛ ወይም ነርስ ሊሆን ይችላል፤ ማታ ጨረቃዋ ስትሞላ ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር ወይም ብቻውን ሥርዓት ያደርጋል። ለእሱ ይህ የአምልኮ ጉዳይ ነው። የዛሬዎቹ የዊካ ሰዎች እዚህ ላይ ነው የሚቆሙት። ጠንቋይ የሚለው ስማችን ሁለተኛውን ሰው በደንብ ይይዛል፤ ሦስተኛውን ግን አይደርስበትም። ከዚህ በኋላ ዊች እና ዊካ የምለው ስለዚህ ነው።

ማን ጀመረው?

ዊካ መሥራቹ የሚታወቅ ሃይማኖት ነው። ስሙ ጄራልድ ጋርድነር ይባላል። በ1884 ሊቨርፑል አጠገብ ተወለደ። አስም ያሠቃየው ስለነበር መደበኛ ትምህርት እምብዛም አልተማረም። ዕድሜውን የፈጀው በእስያ ነው፤ በሲሎን በሻይ እርሻ፣ በቦርንዮ፣ ከዚያም በማላያ በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ውስጥ ሠራ። የማላይን ባህላዊ ጩቤዎች አጥንቶ ጽፏል። የአገሬውን የመንፈስ ሥርዓቶች በጉጉት ይከታተል ነበር። በ1936 ጡረታ ወጥቶ እንግሊዝ ገባ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደቡብ እንግሊዝ ኒው ፎረስት ከሚባለው ጫካ አጠገብ መኖር ጀመረ። እሱ እንደተናገረው፣ በ1939 እዚያ አካባቢ በድብቅ የሚሰበሰቡ ዊቾችን አገኘ፤ በሥርዓትም ተቀበሉት። ከጥንት ጀምሮ ተደብቆ የኖረ እምነት ነው ብሎ አመነ። እነዚያ ሰዎች እነማን እንደነበሩ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንድ ቡድን በእርግጥ ነበረ የሚሉ አሉ፤ ቢኖርም ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት የተቋቋመ እንጂ ጥንታዊ አልነበረም ይላሉ።

በ1951 የእንግሊዝ ፓርላማ የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ ሰረዘ። በሩ ተከፈተ። ጋርድነር በ1954 የታሪክ መጽሐፍ መስሎ የቀረበ፣ ስለ ዊቾች የሚያወራ መጽሐፍ አሳተመ። "እኔ አንዱ ነኝ" አለ። ጋዜጠኞች ከበቡት። እሱም ጋዜጠኛ ይወድ ነበር፤ በማን ደሴት በሚገኝ የጥንቆላ ሙዚየም ውስጥ እየተቀመጠ እንግዳ ይቀበል ነበር። በ1964 በመርከብ ላይ ሳለ ሞተ፤ ቱኒስ ተቀበረ።

ግን ጋርድነርን ብቻ ማንሣት ልክ አይመስለኝም። ዶሪን ቫሊየንቴ የምትባል ሴት በ1953 ወደ ቡድኑ ገባች። ጽሑፎቹን ስታይ፣ ብዙው ክፍል አሌስተር ክራውሊ ከሚባለው ዝነኛ አስማተኛ ጽሑፍ የተቀዳ መሆኑን ለየች። ፊት ለፊት ነገረችው። እሱም የተሻለ ከቻልሽ አንቺው ሥሪው አላት። ሠራችው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የዊካ ሰዎች በቃላቸው የሚሉት ስመ ጥር የእንስት አምላክ ቃል የእሷ ብዕር ነው። በ1957 ተለያዩ። ቫሊየንቴና ሌሎች የጋርድነር ለጋዜጠኛ መክፈት አሳስቧቸው መመሪያ ሲጠይቁ፣ እሱ "ጥንታዊ ሕጎች" ናቸው ያላቸውን አመጣ። ከሕጎቹ አንዱ ሴት ካህን ስታረጅ ቦታዋን ለወጣት እንድትለቅ የሚያዝዝ ነበር። ሕጎቹን እሱ ራሱ እንደጻፋቸው ገባት። ጥላው ሄደች።

ታዲያ ጥንታዊ ነው ወይስ አዲስ?

እንደ ሃይማኖት አዲስ ነው። ሰባ፣ ሰማንያ ዓመት ቢሞላው ነው። ያሰባሰባቸው ቁርጥራጮች ግን ከእሱ የቆዩ ናቸው፤ ከአውሮፓ የምሥጢር ማኅበራት፣ ከፍሪሜሰን ሥርዓት፣ ከገጠር በዓላት፣ ከግሪክና ከኬልት ተረቶች የተወሰዱ።

ጥንታዊ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት መጣ? ማርጋሬት መሪ የምትባል የግብጽ ጥናት ምሁር በ1921 አንድ ሐሳብ አቀረበች። በአውሮፓ የተገደሉት ዊቾች በድብቅ የቆየ ከክርስትና በፊት የነበረ ሃይማኖት ተከታዮች ነበሩ አለች። ጋርድነር ይህን ተቀበለ፤ የ1954ቱን መጽሐፉን መቅድም የጻፈችለትም እሷ ናት። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ማስረጃዋን ሲመረምሩ ፈረሰ። በማሠቃየት የወጣን የእምነት ቃል ቆራርጣ፣ የሚስማማትን ብቻ ወስዳ ነበር። የብሪስቶሉ ፕሮፌሰር ሮናልድ ኸተን በ1999 የዊካን አነሣሥ በሰፊው ከጻፉ በኋላ፣ አብዛኞቹ የዊካ ሰዎች ራሳቸው ታሪኩን ተቀብለዋል። ይህን ሳነብ አክብሮት አድሮብኛል። አንድ የሃይማኖት ማኅበረሰብ ስለ ራሱ አመጣጥ የሚነገረውን ታሪክ በማስረጃ ሲያርም ማየት የተለመደ አይደለም።

በዚሁ መንገድ "ዘጠኝ ሚሊዮን ሴቶች ተቃጠሉ" የሚለው ቁጥርም ልክ አይደለም። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን አንድ ጀርመናዊ ከአንዲት ከተማ መዝገብ ተነሥቶ በማባዛት ያወጣው ነው። የዛሬ ተመራማሪዎች ከ1450 እስከ 1750 ባለው ጊዜ የተገደሉትን ከ40,000 እስከ 60,000 ይገምታሉ። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ይህም ቢሆን አሰቃቂ ቁጥር ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም።

በአሜሪካ ሴለም በ1692 የሆነውም ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ አልናገርም በማለቱ በድንጋይ ተጨፍልቆ ሞተ። ሴለም ዛሬ የዊቾች ከተማ ተብላ ቱሪስት ትስባለች። የተገደሉት ሰዎች ግን ክርስቲያኖች ነበሩ። ዊች አይደለንም እያሉ ነው የሞቱት። "ዊች ነኝ" ብለው የሐሰት እምነት ቃል የሰጡት ከስቅላት ተርፈዋል።

ምን ያምናሉ? ምንስ ያደርጋሉ?

የሁሉም የሆነ ቅዱስ መጽሐፍ የላቸውም። አንድ መሪም የላቸውም። ቢሆንም የሚመሳሰሉበት ነገር አለ።

አብዛኞቹ እንስት አምላክ እና ቀንድ ያለው ተባዕት አምላክ ብለው ሁለት ያከብራሉ። እነዚህ በእርግጥ ያሉ ሕያዋን ናቸው የሚል አለ፤ የተፈጥሮ ኃይል ምሳሌ ናቸው የሚልም አለ። ሁለቱ አንድ ክብ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ሥርዓት ያደርጋሉ። ከሚያምኑት ይልቅ አብረው የሚያደርጉት ነገር ነው የሚያገናኛቸው።

በዓመት ስምንት በዓላት አላቸው። አራቱ ከፀሐይ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑባቸው ሁለት ቀናት፣ ሌሊቱ እጅግ የሚረዝምበትና እጅግ የሚያጥርበት። ሌሎቹ አራቱ በመካከል ይገባሉ። ከሁሉ የሚታወቀው በኦክቶበር መጨረሻ የሚውለው ሳዊን ነው፤ ሙታን የሚታሰቡበት ቀን ሲሆን ሃሎዊንም በዚያው ሌሊት ይውላል። በሴፕቴምበር የሚከበረው በዓል ሜቦን ይባላል። የጥንት የሚመስለው ይህ ስም በ1970ዎቹ አንድ አሜሪካዊ ያወጣው ነው። ከእነዚህ ሌላ ጨረቃ በሞላች ቁጥር ይሰበሰባሉ።

ሥርዓቱ የሚደረገው በክብ ውስጥ ነው። መሬት ላይ ክብ ይሠራሉ፣ አራቱን ማዕዘናት ይጠራሉ፣ አማልክቱን ይጋብዛሉ፣ ኬክና ወይን ይካፈላሉ። ጥቁር እጀታ ያለው አታሜ የሚባል ቢላ አላቸው፤ ለሥርዓት ብቻ ነው እንጂ እንስሳ አይታረድበትም። በዊካ የደም መሥዋዕት የለም።

የሥነ ምግባር መመሪያቸው አጭር ነው፦ ማንንም እስካልጎዳህ ድረስ የፈለግኸውን አድርግ። በዚህ መልኩ መጀመሪያ በአደባባይ የተሰማው በ1964 ነው። ብዙዎች ደግሞ የሠራኸው በጎም ሆነ ክፉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለስብሃል ይላሉ። ከዊካ ውጭ ያሉ ዊቾች ግን ይህ አይመለከተንም ሲሉ ትሰማላችሁ። ጠላትን መርገም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለው በመካከላቸው ያለ ትልቅ ክርክር ነው።

ሰው ለማሳመን በር አያንኳኩም። እንዲያውም በጥንቱ መንገድ የሚሄዱት ለመግባት የሚፈልገውን ሰው ለወራት ያስጠብቁታል።

ሰይጣንን ያመልካሉ?

የዊካ ሰዎች መልስ "የለም" ነው። ሰይጣን የክርስትናና የእስልምና ትምህርት አካል ነው፤ በእነሱ እምነት ውስጥ ቦታ የለውም ይላሉ። መደናገሩ የሚመጣው ቀንድ ካለው አምላክ ነው። እነሱ ግሪኮች ፓን ከሚሉትና ከኬልቶቹ ሰርኑኖስ ጋር ያያይዙታል፤ የዱርና የእንስሳት ጌታ። የአውሮፓ ሠዓሊ ደግሞ ዲያብሎስን በቀንድና በሰኮና ሥሎታል። ሥዕሎቹ ይመሳሰላሉ።

በሰይጣን ስም የተቋቋሙት ድርጅቶች ሌሎች ናቸው። አንቶን ላቬይ በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ አንዱን መሠረተ፤ ተከታዮቹ በሰይጣን መኖር አያምኑም፣ የራስን ፍላጎት የማስቀደም ምሳሌ ያደርጉታል። በ2013 የተቋቋመው ሌላው ደግሞ በፍርድ ቤትና በመንግሥት ተቋማት ፊት ስለ ሃይማኖት ነፃነት የሚሟገት ነው። ሁለቱም ዊካ አይደሉም።

አብያተ ክርስቲያናትና የሙስሊም ሊቃውንት የሌላ አማልክት አምልኮ ራሱ ከባዕድ ኃይል ጋር መገናኘት ነው ብለው ያስተምራሉ። ይህ በእምነታቸው ውስጥ ሆነው የሚሰጡት ፍርድ ነው። የዊካ ተከታይ "እኔ ሰይጣንን አመልካለሁ ብዬ አላምንም" ሲል የሚናገረው ደግሞ ስለ ራሱ ሐሳብ ነው። ሁለቱ ንግግሮች የተለያየ ጥያቄ ይመልሳሉ።

ጋርድነሪያን፣ አሌክሳንድሪያን፣ ኢክሌክቲክ… ይህ ሁሉ ስም ለምን?

እዚህ ላይ የቅኔ ቤትን ማሰብ ይረዳል። በይዘት የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ አሠራሩ ግን ይመሳሰላል። ዋሸራ ነኝ፣ ጎንጅ ነኝ፣ ዋድላ ነኝ የሚል ባለቅኔ ከማን እንደተማረ እየነገራችሁ ነው። መምህሩ መምህር ነበረው፤ እሱም ሌላ። በዊካም እንዲሁ "ጋርድነሪያን ነኝ" የሚል ሰው የተቀበለኝን ሰው የተቀበለው ሰው ወደ ኋላ ሲቆጠር ጋርድነር ጋ ይደርሳል ማለቱ ነው። መጽሐፍ አንብቦ ጋርድነሪያን መሆን አይቻልም። ኮቨን የሚባል ትንሽ ማኅበር አለ፤ ሴት ካህን ትመራዋለች። ሦስት ማዕረጎች አሉ። ሥርዓቱ የሚጻፍበት መጽሐፍ በእጅ ይገለበጣል፤ ለውጭ ሰው አይታይም።

አሌክሳንድሪያን ከግብጿ እስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አይገናኝም። አሌክስ ሳንደርስ ከሚባል የማንቸስተር ሰው ስም ነው። በ1960ዎቹ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ገነነ። አያቴ በልጅነቴ አስተማረችኝ ይል ነበር፤ ሥርዓቱ ግን የጋርድነር ነው። ዛሬ ሁለቱ ወገኖች ይቀራረባሉ።

በዚሁ ጊዜ ሮበርት ኮክሬን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ጋርድነርን አምርሮ ይነቅፍ ነበር። የእኔ ከእሱ የተለየና የቀደመ ነው አለ። ከእሱና ከመሰሎቹ ትራዲሽናል ዊችክራፍት የሚባለው መንገድ መጣ፤ ትርጉሙ "የጋርድነር ያልሆነ" እንደማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን "ብሪቲሽ ትራዲሽናል ዊካ" ሲባል ጋርድነሪያንና አሌክሳንድሪያን ማለት ነው። ትራዲሽናል የሚለው ቃል በአንዱ ስም ጋርድነርን ያስወጣል፣ በሌላው ያስገባል። አዲስ አንባቢ እዚህ ላይ ቢጠፋ አይፈረድበትም።

ወደ አሜሪካ ያሻገረው ሬይመንድ ባክላንድ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ። አሜሪካ ሲደርስ ነገሩ ተበታተነ። በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሃንጋሪ የመጣችው ዙዛና ቡዳፔስት የሴቶች ብቻ የሆነ ኮቨን አቋቋመች። ይህ መንገድ ዳያኒክ ይባላል፤ እንስት አምላክን ብቻ ያከብራል፤ የወጣውም ከዚያ ዘመን የሴቶች መብት ትግል ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ስታርሆክ የምትባለው ጸሐፊ እምነቱን ከአካባቢ ጥበቃና ከፀረ ኑክሌር ሰልፍ ጋር አገናኘችው።

ትልቁ ለውጥ ግን በ1988 መጣ። ስኮት ከኒንግሃም የሚባል የሳን ዲየጎ ጸሐፊ ብቻውን ለሚሆን ሰው መመሪያ አወጣ። ኮቨን የለህም? ተቀባይ አጣህ? ራስህን በራስህ ማስገባት ትችላለህ አለ። ሶሊተሪ የሚባሉት፣ ብቻቸውን የሚያመልኩት፣ እንደ አሸን ፈሉ። ከየመንገዱ የወደደውን እየመረጠ የሚያጣምረው ደግሞ ኢክሌክቲክ ይባላል። ዛሬ የሚበዙት እነዚህ ናቸው። አንዳንድ ጋርድነሪያኖች "ያለ ተቀባይ ዊካ የለም፤ ሌላ ስም ይፈልጉ" ይላሉ። ሶሊተሪዎቹ "አማልክቱ ደረሰኝ አይጠይቁም" ብለው ይመልሳሉ። ይህን ክርክር የሚዳኝ ሲኖዶስ የለም። ዊካን መተርጎም ያስቸገረው ዋናው ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ አንዱ ወገን ስሙን በዘር ሐረግ ይለካዋል፣ ሌላው በእምነትና በተግባር።

ራሳቸው ተስማምተው አያውቁም?

ሞክረዋል። በኤፕሪል 1974 በሚኒያፖሊስ ከተማ ከተለያየ ወገን የመጡ አሜሪካውያን ዊቾች ተሰብስበው አሥራ ሦስት ነጥቦች ጻፉ። ከተፈጥሮ ዑደት ጋር እንስማማለን፣ ሥልጣናዊ ተዋረድ አንቀበልም፣ ሰይጣን የሚባለውን አናመልክም፣ በዘርና በፆታ አንለይም የሚሉ ነበሩ። ጉባኤው ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። ነጥቦቹ ግን ከእሱ በላይ ኖሩ። የአሜሪካ ጦር በ1978 ለቄሶቹ ስለ ልዩ ልዩ እምነቶች ያዘጋጀው መመሪያ ውስጥ ዊካ አንድ ክፍል አግኝቷል።

ሕግ ለምን ያገባዋል?

የ1735ቱ የእንግሊዝ ሕግ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ዊች የሚገድል አልነበረም። ተቃራኒው ነው። ጥንቆላ የሚባል ነገር የለም ብሎ ተነሣ፤ ስለዚህ ኃይል አለኝ ብሎ የሚያታልል ይታሰር አለ። በ1944 ሄለን ደንከን የምትባል ስኮትላንዳዊት ሙታንን አነጋግራለሁ በማለቷ በዚህ ሕግ ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። ከሰባት ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻረ።

አሜሪካ ውስጥ ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ሃይማኖት ነው ወይስ አይደለም? ሃይማኖት ከሆነ የሕገ መንግሥት ጥበቃ አለው፤ ቀብር፣ ጋብቻ፣ የእስር ቤት አምልኮ፣ የግብር ነፃነት ሁሉ ይከተላል። በቨርጂኒያ አንድ እስረኛ ሻማ፣ ዕጣንና ካባ እንዲሰጠው ከሰሰ። በ1986 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዊካ ሃይማኖት ነው አለ። ዕቃዎቹን ግን በጸጥታ ምክንያት አልፈቀደለትም። እሱ ተሸነፈ፤ እምነቱ አሸነፈ። በ1985 አንድ ሴናተር የግብር ነፃነቱን ለማስቀረት ሞክረው አልተሳካም። በ1999 በቴክሳስ ፎርት ሁድ የጦር ሰፈር የዊካ ወታደሮች እንደሚሰበሰቡ ሲታወቅ አንድ የምክር ቤት አባል ይታገድ አሉ፤ በወቅቱ የቴክሳስ ገዥ የነበሩት ጆርጅ ቡሽም ጥንቆላን እንደ ሃይማኖት አላየውም ብለዋል። ጦሩ ግን አልከለከለም። የኔቫዳው ወታደር ሚስት ፍርድ ቤት የሄደችው ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው።

ቲክቶክ ላይ የማያቸውስ?

እዚያ የምታዩት ብዙው ዊካ አይደለም። ግሪን ዊች ማለት ሥራዋ ከዕፅዋትና ከአትክልት ጋር ነው። ኪችን ዊች የምትባለው ምግብ ስታበስል፣ ቤቷን ስትጠርግ የምታደርገውን ሁሉ ሥርዓት ታደርገዋለች። ሄጅ ዊች ብቻዋን የምትሄድ፣ ከመንፈሳት ዓለም ጋር እገናኛለሁ የምትል ናት። እነዚህ ስሞች ከማን ተማርሽ ለሚለው መልስ አይሰጡም፤ ምን ትሠሪያለሽ ለሚለው ነው። ማንም ራሱን ሊሰይም ይችላል። ከመካከላቸው ከልብ የሚያምን አለ፤ ሻማና ጠጠር የሚሸጥ ነጋዴም አለ፤ አለባበሱን ብቻ የወደደ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም አለ። ልጃችሁ "ዊች ነኝ" ካለቻችሁ ስሙ ብቻውን ምንም አልነገራችሁም። ምን ታደርጊያለሽ፣ ምንስ ታምኛለሽ ብላችሁ ብትጠይቋት ነው የምታውቁት።

ስንት ናቸው?

በእንግሊዝና በዌልስ የሕዝብ ቆጠራ ሃይማኖትን የሚጠይቅ መስመር አለ። መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ እምነት ያለው ሰው በእጁ ይጽፋል። በ2011 ፔገን ብለው የጻፉ 57,000 ገደማ ነበሩ፤ ዊካ ያሉ 12,000 ገደማ፣ ዊችክራፍት ያሉ 1,300 ገደማ። በ2021 ፔገን ያሉት ወደ 74,000 ከፍ አሉ፤ ዊካ ያሉት 13,000 ሆኑ። ሰፊው ስም ሲያድግ ዊካ እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። መስመሩ ላይ የሚጻፈው አንድ ስም ነው። ሦስቱንም የሆነች ሴት ዊካ ብላ ብትጽፍ ከፔገኖቹ ቁጥር ትጎድላለች፣ ፔገን ብላ ብትጽፍ ከዊካዎቹ። ቅጹን የምትሞላው ከእናትና ከአባቷ ጋር በአንድ ቤት የምትኖር ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ባዶ ልትተወው ትችላለች።